ኤምቢኤ ለማመልከት ከየት ይጀመራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ውጭ አገር ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ስለመማር ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን መልሰናል። ክፍያና የማመልከቻ ቀን በየዓመቱ ስለሚነካካ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ገጽ ማየት አይቅር።

«የ29 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የግል ባንክ የብድር ክፍል አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ኤምቢኤ ለመማር አስባለሁ። ጓደኞቼ ‹መጀመሪያ ጂማት ተፈተኚ› ይሉኛል። አሁኑኑ ልመዝገብ ወይስ የሚቀድም ነገር አለ?» (ከአዲስ አበባ)

የሚቀድም አለ። የጂማት (የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ጥናት በእጅዎ ያለ ነገር ነው፤ ዛሬ ማታ መጀመር ይችላሉ። በእጅዎ ያልሆኑት ፓስፖርት፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወረቀቶችና የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፉልዎት ሰዎች ናቸው። ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በእነዚህ እንጂ በሒሳቡ አይደለም።

ፓስፖርቱ የሚያስፈልገው ለጉዞ ብቻ አይደለም። ጂማትም ሆነ አማራጩን ፈተና ጂአርኢን ሲፈተኑ የሚያሳዩት መታወቂያ እሱ ነው። ሲመዘገቡ የሞሉት ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ከፈተናው በር ሊመለሱ ይችላሉ፤ የከፈሉትም ገንዘብ በዚያው ይቀራል። የእኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው፤ ዲግሪው ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤስ» ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ዲግሪ ለማስቀየር መንከራተት አያስፈልግም። ማመልከቻውንም ፈተናውንም በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሞልተው፣ ማመልከቻው መጨረሻ ላይ ባለው የተጨማሪ ማብራሪያ ቦታ ስምዎ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንዴት እንደተጻፈ በሁለት መስመር ይግለጹ።

በማመልከቻ ጊዜ ብዙዎቹ የአሜሪካ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች በስካን የተጫነ ኮፒ ይበቃቸዋል። ኦፊሴላዊውን ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ የሚጠይቁት ከተቀበሉዎት በኋላ ነው። ስለዚህ ስቱደንት ኮፒው ለጊዜው ያስኬድዎታል፤ ጉዱ የሚመጣው በኋላ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምረው የወጪ መጋራት ዕዳዎን ካልጨረሱ ዋናው ዲግሪም ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕትም አይለቀቅም። ከደሞዝዎ ሲቆረጥ የኖረ ከሆነ፣ የተቆረጠው በስምዎ ገቢ መደረጉን አሁን ያጣሩ። የመግቢያ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ቀሪ ሒሳብ ለማስላት ከቢሮ ቢሮ መዞር የቪዛ ቀጠሮ ይበላል።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። የትልልቆቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ የማመልከቻ ዙር በሴፕቴምበር፣ ሁለተኛው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ሦስተኛው በማርችና በኤፕሪል ይዘጋል። ሃርቫርድ ለመደበኛው ኤምቢኤ ሦስተኛ ዙር የለውም። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ዙር ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ድረስ ነው፤ ሁለተኛው የገና ሰሞን ላይ ይወድቃል። ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ሰው ሁለተኛው ዙር የመጨረሻው ነው ብለው ይያዙት። በሦስተኛው ዙር ወንበሩም የስኮላርሺፕ ገንዘቡም ሳስቶ ይጠብቅዎታል፣ ለቪዛም ጊዜ አይተርፍም።

ለመጀመሪያው ዙር ካሰቡ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ሐምሌና ነሐሴ ከማመልከቻው ጋር የሚላኩት ድርሰቶች የሚጻፉባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ ፈተናው በግንቦት፣ ካልተሳካ ድጋሚው በሰኔ መሆን አለበት፤ ጥናቱ ደግሞ ከጥር ይጀምራል። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው በሳምንት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ለአራት ወር ያህል ማጥናት ምክንያታዊ ነው። ደብዳቤ ጸሐፊዎችዎን በግንቦት ያናግሩ። በሰኔ አይሞክሩት፤ ባንክ ውስጥ ስላሉ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ አለቃዎ ምን እንደሚመስሉ ያውቁታል።

አሜሪካ ወይስ አውሮፓ ለሚለው፣ ዋናው ልዩነት የቆይታው ርዝመት ነው። የአሜሪካው የሁለት ዓመት ኤምቢኤ በመሐል ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ የሚሠራ ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) አለው። ሙያ ለመቀየር የሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ ከባንክ ብድር ወደ ኮንሰልቲንግ፣ አዲሱን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በዚያ ኢንተርንሺፕ በኩል ነው። የአውሮፓው ኢንሲያድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ኤምቢኤ ግን በ10 ወር ይጠናቀቃል። በዚያው በፋይናንስ ሙያ ከፍ ለማለት ከሆነ ፍላጎትዎ፣ አንድ ዓመት ያለ ደሞዝ መቀመጥ ከሁለት ዓመት ይሻላል። ሙያ መቀየር ከሆነ ግን በአጭሩ ፕሮግራም አይታለሉ።

«ጂማት ይሻላል ጂአርኢ? ሒሳብ ከተውኩ ቆይቷል። ፈተናው ተቀይሯልም ይላሉ። ቤት ሆኖ መፈተንስ?» (ከሐዋሳ)

ተቀይሯል። አሮጌው ጂማት የተሰጠው እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 ነው። የአሁኑ 64 ጥያቄዎችና ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ሒሳብ 21 ጥያቄ፣ ቨርባል (የንባብና የክርክር ክፍል) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (መረጃ ትንተና) የሚባለው 20። እያንዳንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ሲሆን በድምሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ከየትኛው ክፍል እንደሚጀምሩ ራስዎ ይመርጣሉ። ጂኦሜትሪ፣ የዓረፍተ ነገር እርማትና ድርሰት ወጥተዋል። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት ፒዲኤፎች አብዛኞቹ የአሮጌው ናቸው፤ የሦስት ማዕዘን ስፋት ሲያሰሉ ካመሹ ጊዜዎን ለሌለ ጥያቄ ሰጥተዋል ማለት ነው።

ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ሲሆን የመጨረሻው አሐዝ ሁልጊዜ 5 ነው። «700 ካላመጣህ አትድከም» የሚለው የድሮ ወሬ በአዲሱ መለኪያ 645 አካባቢ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ 655 አምጥተው ወደቅሁ ብለው እንደገና የሚከፍሉ አሉ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በዳታ ኢንሳይትስ ነው፤ በተለይ «መረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም» በሚለው የጥያቄ ዓይነት። ምሳሌ፦ ኤክስ ስንት ነው? መረጃ አንድ፦ የኤክስ ካሬ 16 ነው። መረጃ ሁለት፦ ኤክስ ከዜሮ ያንሳል። የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም፤ 4ም ነጌቲቭ 4ም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ብቻውን ምንም አይነግርም። ሁለቱ አንድ ላይ ግን ይበቃሉ። አምስቱ ምርጫዎች ሁልጊዜ ያው ስለሆኑ አስቀድሞ በቃል መያዝ ነው። እኛ ጋ ሒሳብ የለመድነው መልሱን እስከ መጨረሻ እያሰላን ነው፤ እዚህ ግን «ይበቃል» የሚለው ላይ ከደረሱ እርሳስዎን ያስቀምጡ። እስከ መጨረሻ የሚያሰላ ሰው ሰዓት ያልቅበታል።

ጂአርኢ ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል። አንድ ድርሰት፣ 27 የቨርባልና 27 የሒሳብ ጥያቄዎች አሉት፤ ሁለቱም ከ130 እስከ 170 ይታረማሉ። ሒሳቡ ላይ ካልኩሌተር ይፈቀዳል፤ በጂማት ግን ካልኩሌተር ያለው ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ብቻ ነው። የጂአርኢ ቨርባል የቃላት ፈተና ነው፤ እንግሊዝኛ ልብ ወለድና ጋዜጣ ሲያነብ ላልኖረ ሰው የሺህ ቃላት ሸክም አለው። የጂማቱ ቨርባል ክርክርን መከተል ላይ ያተኩራል፤ ለእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀለው እሱ ነው። ጎን ለጎን ለፐብሊክ ፖሊሲ ወይም ለኢኮኖሚክስ ማስተርስም ማመልከት ካሰቡ ግን ጂአርኢ ሁሉንም በር ይከፍትልዎታል። ትምህርት ቤቶቹ አናበላልጥም ይላሉ። ሁለቱም አዘጋጆች ሁለት ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተና በነጻ ያቀርባሉ፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ይሞክሩና በውጤቱ ይወስኑ። የመረጡትን ፈተና ሁለተኛ ልምምድ ለመጨረሻው ሳምንት ያስቀምጡት።

ጂማት በ16 ቀን ልዩነት፣ ጂአርኢ በ21 ቀን ልዩነት መድገም ይቻላል፤ ሁለቱም በ12 ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ። ውጤታቸው ለአምስት ዓመት ያገለግላል።

ቤት መፈተን ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም። ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት፣ ሰው ከገባ ፈተናው ይቋረጣል፣ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ክፍሉን በሙሉ በካሜራ ያሳያሉ። መብራት ወይም ኢንተርኔት ከተቋረጠ ማስረዳቱና ድጋሚ ቀን ማግኘቱ ሌላ ራስ ምታት ነው። የግድ ከሆነ ላፕቶፑ ባትሪ የሚይዝ፣ ራውተሩም በዩፒኤስ የሚሠራ ይሁን፤ የስልክ ዳታም በተጠንቀቅ ይቀመጥ። ክፍያ በዶላር ካርድ ነው፤ ካርዱ የዘመድ ቢሆን ችግር የለም፣ የተፈታኙ ስም ብቻ የእርስዎ ይሁን።

«አለቃዬን የምስክርነት ደብዳቤ ብጠይቃቸው ‹ጽፈህ አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ› አሉኝ። የመሥሪያ ቤት ኢሜይልም የላቸውም። ትልቅ ሥልጣን ላይ ያለ ዘመድ አለኝ፤ እሱ ቢጽፍልኝስ?» (ከባሕር ዳር)

ከመጨረሻው እንጀምር። ዘመድዎ አይጻፉልዎ። መዛኞቹ የሚፈልጉት ሥራዎን በየቀኑ ያየ ሰው ነው። ማዕረጉ ትልቅ ሆኖ ስለ እርስዎ የሚያውቀው ትንሽ የሆነ ደብዳቤ የሚነግራቸው ነገር ቢኖር ትልቅ ሰው ማወቅዎን ብቻ ነው።

ወደ አለቃዎ ስንመጣ፣ አሠራሩን ያልተረዱት ይመስላል። ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚሰጥበት ጉዳይ አይደለም። ማመልከቻው ላይ ኢሜይላቸውን ይሞላሉ፣ ሊንክ በቀጥታ ለእሳቸው ይደርሳቸዋል፣ እሳቸውም መጠይቁን ሞልተው ራሳቸው ይልካሉ። እርስዎ ጽፈው በእሳቸው ስም ከላኩ ማጭበርበር ነው፤ ከተቀበሉዎት በኋላም ቢሆን ሊሰርዙብዎት ይችላሉ። ደግሞም ይታወቃል። ድርሰትዎና ሁለቱ ደብዳቤዎች አንድ ዓይነት አገላለጽ፣ አንድ ዓይነት የሰዋስው ስህተት ሲኖራቸው በቀን ብዙ ፋይል የሚያነብ ሰው አይስተውም።

የተፈቀደው ማስታወሻ ማዘጋጀት ነው። አንድ ገጽ በቂ ነው፦ አብራችሁ የሠራችኋቸው አራት ወይም አምስት ሥራዎች፣ መቼ እንደሆኑ፣ ውጤታቸው በቁጥር፣ ለምን ኤምቢኤ እንደፈለጉና የሚዘጋበት ቀን። ከዚያ ቡና ጋብዘው ለግማሽ ሰዓት ያነጋግሯቸው።

ብዙ ትምህርት ቤቶች የጋራ መጠይቅ ይጠቀማሉ። ከነጥብ ሰንጠረዡ ሌላ ዋና ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንዱ አመልካቹ በተመሳሳይ ቦታ ካሉ ሰዎች ጋር ሲወዳደር እንዴት ነው የሚል ነው። ሌላው ለአመልካቹ የሰጡት ዋነኛ የማሻሻያ አስተያየት ምን ነበር፣ እሱስ እንዴት ተቀበለው የሚል ነው። የእኛ አለቆች የሚስቱት ሁለተኛውን ነው። እንከን መጥቀስ ልጁን መጉዳት ስለሚመስላቸው «ታታሪ፣ ታማኝና ምስጉን ጠባይ ያለው፣ ምንም ጉድለት ያላየንበት» ብለው ይጽፋሉ። ለመዛኙ ይህ ባዶ ወረቀት ነው። የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው፦ «ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ሳይናገር ይወጣ ነበር። ነገርኩት። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆችን ስብሰባ ራሱ እንዲመራ ሰጠሁት፤ የመጀመሪያው አልተሳካም፣ ከሦስተኛው በኋላ ግን እኔ መግባት ተውኩ።» አለቃዎ እንዲህ ያለ ነገር እንዲጽፉ በግልጽ ይጠይቋቸው፤ ራሳቸው ከሚያስታውሱት ደግሞ ይሁን። እንግሊዝኛቸው ቀላልና አጫጭር ቢሆን ምንም አይደለም፤ ሰዋስው አይታረምባቸውም።

ጂሜይል ቢጠቀሙ ማመልከቻውን አይጥልም፤ ግን ጥርጣሬ ሊያጭር ይችላል። የመሥሪያ ቤት አድራሻ ማስከፈት ከተቻለ ጥሩ፣ ካልተቻለ በተጨማሪ ማብራሪያው አንድ መስመር ይበቃል። ልትለቅ ነው ብለው እንዳይከፉብዎት የሚሠጉ ከሆነ የቀድሞ አለቃ ወይም የቅርብ ደንበኛ ይተካሉ፤ ለምን የአሁኑ አለቃ እንዳልጻፉ ግን ያስረዱ፣ አለበለዚያ እነሱ ራሳቸው ይገምታሉ።

«በሲቪል ምህንድስና 2.87 ይዤ ተመርቄያለሁ። ወደ መቶኛ ልቀይረው? ቶፍልስ ያስፈልገኛል?» (ከአዳማ)

አይቀይሩት። ከ4.00 ያለውን 2.87 ብለው፣ መለኪያውን 4.00 ብለው ይሙሉ፤ ትምህርት ቤቶቹ የሚፈልጉት በትራንስክሪፕቱ ላይ እንዳለ ነው። ውጤቱ ዝቅ ያለበት ተጨባጭ ምክንያት ካለ በአምስት መስመር ይግለጹ፦ ሕመም፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ ወይም አንደኛ ዓመት ወድቀው በኋላ የተነሱበት። «የእኛ ዩኒቨርሲቲ ነጥብ አይሰጥም» የሚለው እውነት ቢሆንም ማስተዛዘኛ ይመስላል፤ ይልቅ በክፍልዎ ውስጥ ስንተኛ እንደነበሩ የሚያሳይ ወረቀት ካለ እሱን ይጥቀሱ። 2.87ን የሚያካክሰው ጠንካራ የሒሳብ ውጤት ነው፤ ለእርስዎ ከሌላው ሰው ይልቅ ፈተናው ሚዛን ይደፋል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ትራንስክሪፕቱ ወይም የሥራ ልምድ ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ቀኑን ቀይረው ይሙሉ፣ መቀየርዎንም ይጻፉ። ሐምሌ 2009 የተመረቀ ሰው በእነሱ ጁላይ 2017 ነው። ሳይብራራ ከታለፈ ሠራሁ ያሉት ዘመንና ወረቀቱ አይገናኙም።

ቶፍልና አይልትስን በተመለከተ፣ ሙሉ ዲግሪው በእንግሊዝኛ የተሰጠ ከሆነ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከቋንቋ ፈተና ነጻ ያደርጋሉ። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ያውጡ፤ ትራንስክሪፕቱን ለማውጣት በሄዱበት ቀን አብረው ይጠይቁት። ፈተናው የግድ ከሆነ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ አያስቀድሙት። ጂማት ቀድሞ ቢወሰድ አይጎዳም፤ የቋንቋ ፈተና ግን ያልፍበታል።

«ገንዘብ የለኝም። ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ስም ዝርዝር ብትልኩልኝ?» (ሦስት አንባቢያን)

ዝርዝር ብንልክ ያሳስታችኋል፤ የአሰጣጡ ዓይነት ነው መታወቅ ያለበት። ሃርቫርድና ስታንፎርድ ኤምቢኤ ላይ የሚሰጡት እርዳታ በገቢና በሀብት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከተቀበሉ በኋላ የቤተሰብና የራስን ሒሳብ ታቀርባላችሁ። ከኢትዮጵያ ደሞዝ የሚነሳ ሰው እዚህ ላይ አይጎዳም። ሌሎች ብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በብቃት ይሰጣሉ፤ ከማመልከቻው ጋር በራሱ ይታያል፣ ወይም እንደ ኢንሲያድ ለየስኮላርሺፑ ለብቻው ድርሰት ይጻፋል።

መጠኑን ለመገመት፣ የሃርቫርድ ትምህርት ክፍያ ብቻውን በዓመት ከ75,000 ዶላር በላይ ነው፤ ኑሮው ሲጨመር ከ120,000 ያልፋል። የአሜሪካ ተማሪ ቪዛ ለማግኘት ትምህርት ቤቱ ቅጹን የሚልክላችሁ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ መሸፈን እንደምትችሉ ካሳያችሁ በኋላ ነው። ግማሽ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ቀሪውን «እዚያ ሠርቼ እሞላለሁ» ማለት እዚህ ላይ ይቆማል። ያለ አሜሪካዊ ዋስ ለውጭ ተማሪ የሚያበድሩ እንደ ፕሮዲጂ ፋይናንስና ኤምፓወር ያሉ ድርጅቶች አሉ፤ ትምህርት ቤቱም ዜግነታችሁም በዝርዝራቸው ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።

እንግሊዝ ለሚያስቡ ቼቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ አለ። በኦገስት ተከፍቶ በኦክቶበር ይዘጋል፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ፣ ማለትም ሁለት ዓመት ገደማ፣ ይጠይቃል፤ ሲጨርሱ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ፤ ለኤምቢኤ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ጣሪያ አለው። ክፍያው ከጣሪያው በላይ ከሆነ ልዩነቱ የእናንተ ነው፤ ውድ በሆኑት ትምህርት ቤቶች ይህ ልዩነት ትልቅ ገንዘብ ነው።

ለማመልከት ራሱ ገንዘብ ያስፈልጋል። ጂማት በአሜሪካ ዋጋ በማዕከል 275 ዶላር ነው፤ ሃርቫርድ 250፣ ስታንፎርድ 275 ዶላር ለማመልከቻ ያስከፍላሉ። አራት ቦታ ማመልከት ከ1,000 ዶላር በላይ ነው ማለት ነው። ክፍያውን መሸፈን ለማይችሉ ነጻ የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ማመልከቻውን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከላካችሁ በኋላ ግን አይመለስም። «መግቢያ እናስጨርሳለን» ለሚል ወኪል አንድ ብር አትስጡ፤ እነዚህ ትምህርት ቤቶች በወኪል አይቀበሉም።

«ድርሰቴ ላይ ‹ከተመረቅሁ በኋላ አገሬን ከድህነት ማውጣት እፈልጋለሁ› ብዬ ጀምሬያለሁ። ጥሩ ነው?» (ከጅማ)

ሐሳቡን አንነቅፍም፤ ግን ከአፍሪካ የሚመጣ ፋይል ግማሹ እንዲህ ይጀምራል። መዛኙ የሚፈልገው ደረጃውን ነው፦ ወዲያው ስትመረቅ የት፣ ምን ሥራ? ከዚያስ? «ስመረቅ ናይሮቢ ውስጥ ለግብርና ብድር በሚሰጥ ፈንድ እሠራለሁ፤ በኋላ ለመተማ ሰሊጥ አምራቾች የመጋዘን ደረሰኝን በዋስትና ይዞ የሚያበድር ተቋም እመሠርታለሁ። ብድሩን አውቀዋለሁ፤ የማላውቀው ካፒታል ከውጭ ማሰባሰብና ስጋት መሸጥ ነው» የሚል ሰው ለምን ኤምቢኤ እንደሚያስፈልገው ሳይጠየቅ መልሷል።

ርዝመቱን አክብር። ሃርቫርድ ሦስት አጫጭር ድርሰቶች ይጠይቃል፤ አንዱ እስከ 300፣ ሁለቱ እስከ 250 እስከ 250 ቃላት። ኤምአይቲ ድርሰት ሳይሆን 300 ቃላት ያለው የማመልከቻ ደብዳቤና የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይፈልጋል። ስታንፎርድ ለአንተ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ነገር ምንድን ነው፣ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ የሥራ ታሪክ የሚደግም ሰው ጥያቄውን አልመለሰም። ስለዚህ የአንዱን ለሌላው መገልበጥ አይሠራም። የሌላ ትምህርት ቤት ስም ረስቶ መላክ ደግሞ የሚያሳፍርም የተለመደም ስህተት ነው።

ሲቪ አንድ ገጽ ይሁን። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና «ማጣቀሻ ሰዎች» ይውጡ። «የብድር ማመልከቻዎችን መመርመር» ከማለት «የ14 ቅርንጫፎችን የብድር ምርመራ ከ21 ቀን ወደ 9 ቀን አሳጠርኩ» ይበል፤ እውነት ከሆነ። ብር ስትጽፍ በወቅቱ ምንዛሪ በዶላር ስንት እንደነበር ጨምር። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የ2014ን 50 ሚሊዮን ብር በዛሬው ዋጋ መቀየር ሥራህን ያሳንሰዋል።

«የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሥራ ልምድ የለኝም። ልጠብቅ?» (ከመቀሌ)

ለመማር ጠብቅ፣ ለማመልከት ግን ላትጠብቅ ትችላለህ። የሃርቫርድ 2+2 የሚባለው የመጨረሻ ዓመት ተማሪን ተቀብሎ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሠራ የሚልክ ነው። በኤፕሪል ይዘጋል፣ ማመልከቻውም 100 ዶላር ነው። ስታንፎርድ፣ ዋርተንና ቺካጎም ተመሳሳይ አላቸው። ከተመረቅህ በኋላ በዚህ በር መግባት አይቻልም።

«ዱባይ ነው የምኖረው፤ 41 ዓመቴ ነው፣ የሎጂስቲክስ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። በኢንተርኔት በስድስት ወር ኤምቢኤ እንሰጣለን የሚሉ አሉ።»

ከመክፈልዎ በፊት ትምህርት ቤቱ የኤኤሲኤስቢ፣ የኢኩዊስ ወይም የኤኤምቢኤ ዕውቅና እንዳለው በእነዚህ አካላት ገጽ ላይ ይፈልጉ። ትምህርት ቤቱ ራሱ የለጠፈው ማኅተም ማስረጃ አይደለም። ለእርስዎ የሚመጥነው ልምድ ያላቸው ሥራ አስኪያጆች ሥራ ሳይለቁ የሚማሩት ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ ነው፤ ለንደን ቢዝነስ ስኩል ዱባይ ውስጥ ያስተምራል። ብዙዎቹ በጂማት ፈንታ ኤግዚኪዩቲቭ አሰስመንት የተባለውን ፈተና ይቀበላሉ፤ 40 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ ነው፣ ጥናቱም ያጠረ ነው። አሠሪዎ ከፊሉን ይከፍሉ እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ፤ ባይከፍሉ እንኳ ለትምህርት ቀናት ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልግዎታል።

«ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች፣ የአሜሪካ ዜጋ ናት። ለእሷ ምን ይለያል?»

የገንዘቡ መንገድ። ለአሜሪካ ዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ኮንሶርቲየም የተባለው፣ ከ1966 ጀምሮ ያለ ድርጅት አለ፤ በአንድ ማመልከቻ እስከ ስድስት አባል ትምህርት ቤቶች ማመልከት ይቻላል፣ ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ፌሎሺፕም ይሰጣል። ለሴቶች ደግሞ ፎርቴ ፋውንዴሽን አለ። በብድር በኩል ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል፤ ለኤምቢኤ ተማሪ የሚፈቀደው የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500 ዶላር ነው። ቀሪው ከስኮላርሺፕ፣ ከቁጠባ ወይም ወለዱ ከሚከብድ የግል ብድር ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የትምህርት ቤት ምርጫዋን ከስም በፊት በሚሰጡት ገንዘብ ብታደርግ ይሻላታል።

«ስንት ቦታ ላመልክት? ደግሞ የመዝጊያው ሰዓት በማን ሰዓት ነው?» (ከድሬዳዋ)

ከአራት እስከ ስድስት። ከዚያ በላይ ከሆነ ድርሰቶቹ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ ሁሉም በጣም ከባድ የሚባሉት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ቁጥሩ አይረዳም። ሰዓቱ የትምህርት ቤቱ ነው። ሃርቫርድ የሚዘጋው በቦስተን እኩለ ቀን ነው፤ ይህ በሴፕቴምበር ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በጃንዋሪ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ሁለት ቀን አስቀድመው ይላኩ፤ የደብዳቤ ጸሐፊዎችም መዝጊያ ብዙ ጊዜ ያው ሰዓት ስለሆነ ለእነሱ የሚነግሩት ቀን ከእውነተኛው አንድ ሳምንት ይቅደም።